በአባቴ ሬዲዮ ውስጥ ያጠበቅኳቸው ብሎኖች

ባለፈው ሳምንት የአንድ ግራጫ ሳጥን ፎቶ ለጥፌ "ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄአችሁ ነበር። መልሶቻችሁን ሳነብ ሆዴ እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት። "የድሮ ሚዛን" ያለ አለ፣ "የዳቦ ምድጃ" ያለ አለ፣ አንዷ ተማሪዬማ "ቲቸር የጊዜ ማሽን ሠራህ እንዴ?" ብላለች። በትክክል የመለሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። ሳጥኑ ሲግናል ጄኔሬተር ይባላል። ጃፓን ሠራሽ ነው፣ ሊደር የሚባለው። ውስጡ ትራንዚስተር ሳይሆን ቫልቭ ነው ያለው፤ ያ አምፖል የሚመስለው ብርጭቆ ማለቴ ነው። ሥራው ራሱ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ መሆን ነው። የፈለጋችሁትን ድግግሞሽ በመደወያው ትመርጣላችሁ፣ እሱ በዚያ ድግግሞሽ ላይ "ጢ...ጥ" የሚል ድምፅ ጭኖ ይልካል። ሬዲዮ ጠጋኝ በዚህ ድምፅ ነው የድሮ ሬዲዮን አላይመንት የሚያስተካክለው።

ታሪኩን እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ። ደግሞ የሬዲዮ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት የራሴ ጥፋትም አለበት። ከእሱ ልጀምር።

11 ዓመቴ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምንኖረው። አባቴ ባለ ሁለት ባንድ ናሽናል ሬዲዮ አለው፣ ቡናማ የቆዳ ልብስ ያለው። እኛ ቤት እንደ ሰው የሚከበር ዕቃ ነበር። ድንጋይ ሲያልቅበት አባዬ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና ይጨምራቸዋል። አንድ ቀን ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ስትነካው ይንኮሻኮሻል። አባዬ እኛ ልጆች "ጋሽ ሬዲዮ" ወደምንላቸው ጠጋኝ ወሰደው። በማግሥቱ እንደ አዲስ ሆኖ መጣ።

እኔ ደግሞ ጋሽ ሬዲዮ ሲፈቱት ቆሜ አይቻለሁ። ውስጡ ያሉት ትንንሽ የብረት ቆርቆሮዎች፣ በአናታቸው ላይ ያለው ቀለም፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ዓይኔን ይዞታል። በሁለተኛው ቀን አባዬ ሥራ ሲሄድ የአጎቴን ካቻቪቴ ይዤ ጀርባውን ፈታሁት። ባለቀለሞቹን ብሎኖች ስነካቸው ይዞራሉ። "ላልተዋል!" አልኩ። የላላ ብሎን ደግሞ ይጠበቃል፣ አይደል? ሁሉንም እስኪቆሙ ድረስ አጠበቅኳቸው። ቢጫው ላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከደንኩት፣ ቦታው መለስኩት።

ማታ አባዬ ሲከፍተው ሹሹታ ብቻ ሆነ። አንድም ጣቢያ የለም።

የሆነውን ለመረዳት አሁን ወደ ኋላ፣ በጣም ወደ ኋላ መሄድ አለብን። እነዚያ ብሎኖች ለምን እዚያ ተገኙ?

መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሬዲዮዎች የጣቢያውን ሞገድ እንደመጣ፣ በራሱ ድግግሞሽ ላይ ነበር የሚያጎሉት። አንዱ ደረጃ ያጎላል፣ ለቀጣዩ ይሰጣል፣ ቀጣዩም ያጎላል። ችግሩ እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው መቃኘት ነበረበት። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተወዳጅ የነበረው ኒውትሮዳይን የሚባለው ሬዲዮ ፊቱ ላይ ሦስት ትልልቅ መደወያ ነበረው፤ አንድ ጣቢያ ለመስማት ሦስቱንም አስማምቶ ማዞር ግድ ነው። ሰዎች የጣቢያዎቹን ሦስት ሦስት ቁጥር በደብተር ይዘው ነበር የሚያዳምጡት። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዚያን ጊዜ ቫልቭ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ማጉላት አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤድዊን ኧርምስትሮንግ የሚባል የአሜሪካ ጦር መኮንን ፓሪስ ተመድቦ ነበር። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሲመጡ እያየ፣ ሞተራቸው ከሚረጨው የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ መያዝ ቢቻል መድፍ ማነጣጠር ይቻል ነበር ብሎ ያሰላስላል። ያ ሞገድ ግን ለቫልቮቹ በጣም ፈጣን ነው። ታዲያ ለምን እኛ ወደ እሱ እንወጣለን፣ እሱን ወደ እኛ ብናወርደውስ? አለ። ሬዲዮው ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ትንሽ ሞገድ አመንጪ ይቀመጣል። ከውጭ የመጣውና ውስጥ የተፈጠረው ሲደባለቁ የሁለቱ ልዩነት የሆነ ሦስተኛ ሞገድ ይወለዳል። ያ ልዩነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ካደረግን፣ ማጉያዎቹን ሁሉ ለዚያ ለአንዱ ቁጥር ብቻ አንድ ጊዜ አስተካክለን መዝጋት እንችላለን። ጣቢያ ሲቀየር የሚቀየረው አመንጪው ብቻ ነው። ይህ ነው ሱፐርሄትሮዳይን።

የዛሬውም ስልካችሁ ሥር መሠረቱ ይኸው ነው። ያን ያህል ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም እንጂ። ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1917 ፓተንት አስገብቶ ነበር፤ ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪም በ1918 በራሱ መንገድ ደርሶበታል። አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ከይገባኛል ጥያቄዎቹ አብዛኛው ለሌቪ ወገን ተወሰነ። መጻሕፍቱ ግን ኧርምስትሮንግ ማለታቸውን አልተዉም። ሰውዬው ሲበዛ የክርክር ዕጣ ነበረው፤ በኋላ የፈጠረው ኤፍ ኤምም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አንከራቶት እ.ኤ.አ. በ1954 ኒውዮርክ ከሚኖርበት 13ኛ ፎቅ ራሱን ወርውሮ ሞተ። ክፍል ውስጥ ኤፍ ኤም ባስተማርኩ ቁጥር ይህን ሳልናገር አላልፍም። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ።

ወደ ብሎኖቹ። ያ አንድ የተመረጠ ቁጥር "አይ.ኤፍ" ይባላል። አብዛኛው የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ላይ 455 ኪሎኸርዝ ነው። ለምን 455? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 175ን የመሳሰሉ ዝቅተኛ ቁጥሮች ይጠቀሙ ነበር። ዝቅ ሲል ማጉላቱም መለየቱም ይቀላል። ግን መንታ ያመጣል። ሬዲዮው 700 ላይ ቢሆን አመንጪው 875 ላይ ነው። ከ875 በታች በ175 የሚርቀው 700 ይገባል፤ ከ875 በላይ በ175 የሚርቀው 1050ም እኩል ይገባል። ስለዚህ ሁለት ጣቢያ በአንድ ላይ ትሰማላችሁ። አይ.ኤፉን ወደ 455 ስታወጡት ግን መንታው 910 ኪሎኸርዝ ይርቃል፤ 600ን ስትሰሙ መንታው 1510 ላይ ነው፣ የመግቢያው መቃኛ በቀላሉ ያግደዋል። በዚያ ላይ 455 ከመካከለኛው ሞገድ ጣቢያዎች በታች፣ የመርከቦች የጭንቀት ጥሪ ይተላለፍበት ከነበረው ከ500ም ወዲህ ያለ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ተደራድረው የደረሱበት መካከለኛ ቦታ ነው።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሱፐርሄትሮዳይን እ.ኤ.አ. በ1924 አርሲኤ የሸጠው ራዲዮላ ነው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ፋብሪካው ዋናውን የሬዲዮውን ሆድ በሰም ሞልቶ አሽጎት ነበር። ማንም እንዳይነካው! እኔ ያን ሬዲዮ ቢያገኝ ኖሮ የዛሬው ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሌሎች ፋብሪካዎችም ፈቃድ አግኝተው ሱፐርሄትሮዳይን በብዛትና በርካሽ መሥራት ጀመሩ። ሦስቱ መደወያ ወደ አንድ መጣ። አንዲት መዘውር ስታዞር መግቢያውና አመንጪው አብረው ይዞራሉ። ነገር ግን ሁለቱ በመላው መደወያ ላይ በትክክል 455 ተራርቀው መጓዝ አለባቸው። ሁለት በሬ አንድ ቀንበር ላይ እንደመጥመድ ነው፤ አንዱ ቢቀድም እርሻው ይጣመማል። ለዚህ ነው ትንንሽ ማስተካከያዎች የተጨመሩት፤ አንዱ ለመደወያው ዝቅተኛ ጫፍ፣ አንዱ ለከፍተኛው ጫፍ። አይ.ኤፉን የሚያጎሉት ቆርቆሮዎችም እያንዳንዳቸው የምታስተካክሉት እምብርት አላቸው። የብረት ብሎን ይመስላል እንጂ ብሎን አይደለም፤ ፌራይት ነው፣ እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር። ወደ ውስጥ ሲገባ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይጨምራል። "ላላ" የሚባል ነገር የለውም። የቆመበት ቦታ ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ ተለክቶ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

እና 11 ዓመት ልጅ በካቻቪቴ...

በጆሮ ማስተካከል አይቻልም ወይ? ትሉኛላችሁ። አንዳንዱ ጠጋኝ ያደርገዋል፤ ጣቢያ ከፍቶ ድምፁ እስኪጎላ ማዞር። ግን ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው ጆሮ ራሱ ነው፤ ድምፅ በ10 በመቶ ቢጨምር ጆሮ አይለየውም። ሁለተኛው፣ ሃሮልድ ዊለር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በፊልኮ ሬዲዮ ለገበያ የቀረበው የድምፅ ራስ-ሰር ማመጣጠኛ ነው። ጣቢያው ሲጠነክር ሬዲዮው ራሱ ማጉላቱን ይቀንሳል፤ ሲደክም ይጨምራል። ለአድማጭ ጥሩ፣ ለጠጋኝ ግን አታላይ ነው። እናንተ ብሎኑን አሻሽላችሁ ስታዞሩ እሱ መልሶ ያወርደዋል፣ ለውጡ አይሰማችሁም። ስለዚህ በጣም ደካማ፣ ማመጣጠኛው "ጣቢያ መጣ" ብሎ የማይነቃበት፣ የማይለዋወጥ ሞገድ ያስፈልጋል። ያን የሚሰጠው ሲግናል ጄኔሬተር ነው። ድምፁን ደግሞ ጆሮ ሳይሆን መርፌ ያለው ሜትር ይለካዋል። የድሮዎቹ ባለሙያዎች አቮሜትር የሚሉትን። ስሙ ከአምፒር፣ ቮልት፣ ኦም የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 እንግሊዝ ውስጥ ነው የወጣው፤ የፖስታ ቤቱ መሐንዲስ ዶናልድ ማካዲ ሦስት ሜትር መሸከም ሰልችቶት ያመጣው ነው ይባላል።

የላብራቶሪ ጄኔሬተሮች ውድ ነበሩ፣ የሰፈር ጠጋኝ አይደርስባቸውም። ቀስ በቀስ ርካሽ የጠጋኝ ዓይነት መጣ። ጆን ራይደር የሚባል ሰው ደግሞ የየፋብሪካውን ሬዲዮ ሥዕልና የአላይመንት ቁጥር እየሰበሰበ ትልልቅ ጥራዞች ማሳተም ጀመረ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ሂዝኪት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1947 ከጦር ኃይሉ የተረፈ ዕቃ ገዝቶ ኦሲሎስኮፕ በ39 ዶላር ከ50 ሳንቲም "ራስህ ገጥመው" ብሎ ሸጠ፤ ቀጥሎም ጄኔሬተሩን፣ ሜትሩን አከታተለ። ከዚያ ጃፓኖች መጡ። ትራንዚስተር ሬዲዮ ራሱ ከአሜሪካ ነው የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሪጀንሲ በሚባል በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም፤ ዓለምን ያጥለቀለቁት ግን ጃፓኖች ናቸው። ቢጫ የመጀመሪያው አይ.ኤፍ፣ ነጭ ሁለተኛው፣ ጥቁር ሦስተኛው፣ ቀይ አመንጪው፣ ይህ የቀለም ሥርዓት የእነሱ ነው። የትም አገር ያለ ጠጋኝ ቋንቋ ሳያውቅ ያነበዋል።

ወደ እኛም አገር እነዚህ ሬዲዮዎች የገቡበት ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የካቲት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በአጭር ሞገድ ከአገር አልፎ አፍሪካንና እስያን የሚደርስ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የአባቴ ትውልድ ሁለቱንም ሰምቷል። በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ማለት መብራት ያልገባበት ቀበሌ ዓለም ገባ ማለት ነው። ሬዲዮ ሲበዛ ደግሞ በየከተማው ጠጋኝ በዛ። የደሴው ጋሽ ሬዲዮም ከእነዚያ አንዱ ናቸው።

ጠጋኝና ደንበኛ ግን በዓለም ሁሉ ሲጠራጠሩ ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1941 ሪደርስ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ሁለት ሰዎች አሰማርቶ ነበር። ደህና ሬዲዮ ይይዙና አንድ ሽቦ ይነቅሉበታል ወይም አንድ ቫልቭ ያላሉበታል፤ ከዚያ በአሜሪካ ከተሞች እየዞሩ ለጠጋኞች ይሰጣሉ። ከግማሽ የሚበልጡት ያልሠሩትን ሠራን፣ ያልቀየሩትን ቀየርን ብለው አስከፈሏቸው። አገሩ ተንጫጫ። ቀሪዎቹ ግን፣ ሽቦዋን መልሰው "ምንም የለውም፣ ሂድ" ያሉት፣ ከዚያ በኋላ በእነሱም ላይ ጥርጣሬ ወደቀ። ያንን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው።

ምክንያቱም አባዬ ያን ማታ ሹሹታውን ሲሰማ መጀመሪያ የተናገረው ነገር "ዕቃዬን ቀየረብኝ" የሚል ነበር። ኦርጅናሉን አውጥቶ አሮጌ ጨመረበት ማለቱ ነው። በማግሥቱ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላየሁም፣ ግን አባዬ ሬዲዮውን ይዞ ተመለሰ። "ላስተካክለው ተወው ይለኛል! ደግሞ ምን ሊያወጣበት?" እያለ። ከዚያ ለቡና ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ተናገረ። አባቴ የሚከበር ሰው ነበር፣ ቃሉ ይሰማል። ጋሽ ሬዲዮ ጋ የሚሄደው ሰው ስንት እንደቀነሰ አላውቅም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቃቸው በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ። አባዬ ከሰውዬው ጋር ሰላምታ አቆመ። ለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ሬዲዮው ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ ብዬ ላመካኝ ብችልም፣ 20 ዓመትም 25 ዓመትም ሲሆነኝ ዝም ብዬ ነበር።

ጋሽ ሬዲዮ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ባለፈው ክረምት ደሴ ስሄድ ባለቤታቸው እትዬ አስጠሩኝ። ፊዚክስ እንደማስተምር ሰምተው ነው። "ይሄን ለቆራሌው ከምሰጠው ለትምህርት ቤት ይሁን" ብለው ሳጥኑን፣ አቮሜትሩንና አንድ የጫማ ካርቶን ሰጡኝ። ካርቶኑ ውስጥ ከጥርስ ብሩሽ እጀታ ተፍቀው የተሠሩ የፕላስቲክ መፍቻዎች አሉ። የብረት ካቻቪቴ ሲጠጋ ራሱ ድግግሞሹን ስለሚያዛባ ነው በፕላስቲክ የሚሠራው፤ እሳቸው የሚገዛ ሲያጡ ራሳቸው ሠርተውታል። ከሥሩ ደብተር ነበር። የየደንበኛው ሬዲዮ፣ የሜትሩ ንባብ ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ፣ ዋጋ።

የአባቴን አገኘሁት። ሁለት መስመር ነው። በመጀመሪያው የድምፅ መቆጣጠሪያው መቀየሩና የተከፈለው ብር አለ። በሁለተኛው፣ በአራት ቀን ልዩነት፣ እንዲህ ይላል። "ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር ተጠብቋል። ቢጫው ተሰንጥቋል። ልጅ።"

ልጅ። አውቀው ነበር። ለአባዬ ግን "ላስተካክለው ተወው" ብቻ ነው ያሉት።

ሬዲዮውን ከቁምሳጥኑ አወረድኩትና አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ሳጥኑን መጀመሪያ መብራት ላይ አልሰካሁትም፤ የድሮ ቫልቭ ዕቃ ያላችሁ ሰዎች እናንተም አትሰኩ። ገመዱ ተሰነጣጥቋል፣ ካፓሲተሮቹ አርጅተዋል። ከቀየርኳቸው በኋላ ሲሞቅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለበት፣ አለዚያ ድግግሞሹ ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ልክ ሲሞቅልኝ መብራት ጠፋ። ምን ታደርጉታላችሁ።

ሌላው ጥያቄ፣ የሳጥኑ መደወያ 455 ሲል እውነት 455 ነው ወይ? የ50 ዓመት ዕቃ አይታመንም። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ስጦታ ረዳኝ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1978 ጀምሮ በእኛ በኩል ያሉት አገሮች መካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎቻቸውን በየ9 ኪሎኸርዙ ነው ያሰለፉት፤ ስለዚህ የዛሬ ዲጂታል ሬዲዮ በ9 በ9 ነው የሚዘለው። ሳጥኑ 450 ሲልክ እጥፉ 900 ላይም ይሰማል፣ 459 ሲልክ 918 ላይ። 900ም 918ም በ9 ይካፈላሉ። የጎረቤቴን ዲጂታል ሬዲዮ አስቀምጬ በሁለቱም ላይ ጢጥታው የሚጎላበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። 455 ከመካከላቸው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሳጥኑ 6 ኪሎኸርዝ ያህል ይዋሽ ነበር። የሚገርመው መስታወቱ ላይ ጋሽ ሬዲዮ በቀይ ቀለም የጫሯት ቀጭን መስመር አለች፤ የእኔ እርሳስ ከእሷ ጎን አረፈ። በምን እንዳገኟት አላውቅም፣ ዲጂታል ሬዲዮ በእርግጥ አልነበራቸውም።

የተሰነጠቀውን ቢጫ አንድ ቀን ሙሉ ታግዬ ማውጣት አቃተኝ። መርካቶ ከአሮጌ ሬዲዮ ሬሳ ውስጥ ሌላ ቢጫ አገኘሁ፣ ነቅዬ ተካሁት። ከዚያ ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ከጄኔሬተሩ ጫፍ ጥቂት ዙር ሽቦ ጠቅልዬ ከሬዲዮው ፌራይት ዘንግ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ሜትሩን ድምፅ ማጉያው ላይ፤ የሬዲዮውን ድምፅ ሙሉ፤ የጄኔሬተሩን ደግሞ በጭንቅ እስኪሰማ ዝቅ። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሠራው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ። መርፌው እየወጣ ሲሄድ የጄኔሬተሩን ኃይል መልሳችሁ ትቀንሳላችሁ፣ አለዚያ ያ ማመጣጠኛ ያታልላችኋል። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ቀጥሎ ሳጥኑን 600 ላይ አድርጌ የሬዲዮውን መደወያ 600 ላይ፤ ቀዩን አዞርኩ። 1400 ላይ ደግሞ ትንሿን ማስተካከያ። አንዱ ሌላውን ስለሚያዛባ እየተመላለሱ ነው፣ ሁለቱም እስኪስማሙ። በመጨረሻ በዘንጉ ላይ ያለውን ጥቅል 600 ላይ ወዲያ ወዲህ ገፍቼ መርፌው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ በሻማ ሰም አጣበቅኩት። አጭሩ ሞገድ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሌላ ቀን።

ማታ ነው የጨረስኩት። ማታ መካከለኛ ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ሩቅ ስለሚሄድ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት ዓረብኛ ጣቢያዎች በመደወያው ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። እያንዳንዱ ቁጥሩ ላይ።

ለአባዬ ባለፈው በዓል ወሰድኩለት። ዕድሜው ገፍቷል፣ ጆሮውም እንደ ድሮው አይደለም። ከፈተው፣ ዳር እስከ ዳር አዞረው፣ ፊቱ በራ። "ማን ሠራው?" አለኝ። "እኔ፣ በጋሽ ሬዲዮ ሳጥን" አልኩት። ከዚያ ደብተሩን አወጣሁና ሁለቱን መስመር አነበብኩለት፤ የቀረውንም፣ ካቻቪቴውን፣ "ቀጭ" ያለውን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ለቅሶው ላይ እንኳ አልደረስኩም እኮ" አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ ሬዲዮውን በቆዳ ልብሱ አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "እቤታቸው የቱ ጋ ነው አሁን? ያው ነው ወይስ ቀይረዋል?" አለኝ። ያው ነው አልኩት። ዳገቱን አብረን ወጣን። እትዬ በሩን ሲከፍቱ አባዬ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። የሆነውን እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ እኔ መናገር ስለነበረብኝ። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው "እሱስ ነግሮኝ ነበር" አሉና ቡና ሊያቀርቡ ተነሡ።